ማስፈራሪያውም መዝገብ ይከፈትለት

(በጎንደር ከተማ ለሕግ ተማሪዎች፣ ለወጣት ጠበቆችና ለነፃ የሕግ ድጋፍ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ እዚህ ወንበር አለ። የፊት ወንበር ለባለሥልጣን ብቻ የተሠራ አይደለም።

ኅዳር 30 የፀረ-ሙስና ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 1 የሰብአዊ መብት ቀን። ተከታትለው የሚውሉ ቀኖች ናቸው፤ እኛ ግን ለያይተን ነው የምናከብራቸው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ገንዘብ ይወራል፣ በማግሥቱ ስለ ሰው። ባነሩ ሌላ፣ አዳራሹ ሌላ፣ ተናጋሪው ሌላ፤ አንድ የሚሆነው ቆሎውና ለስላሳው ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የመብት ተሟጋቾችን የሚመለከተውን መግለጫ ያጸደቀውም በዚያው በኅዳር 30 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998። ይህን ማንም ሲያነሣው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ዛሬ የማወራው በሁለቱ ቀኖች መካከል ስለቆመው ሰው ነው፤ የመብት ጥሰት ሊመረምር ወጥቶ የመንግሥት ገንዘብ ከተበላበት ቦታ ስለሚደርሰው መርማሪ።

እንዴት ይደርሳል? የተበደለ ሰው ወደ መብት መሥሪያ ቤት ሲመጣ «ሙስና ተፈጽሟል» ብሎ አይመጣም። «ቤቴን አፈረሱብኝ» ብላ ነው አንዲት እናት የምትመጣው። «ልጄ እስር ቤት በረሃብ ሊያልቅ ነው» ብላ ነው ሌላዋ የምትመጣው። «ሆስፒታሉ መድኃኒት የለም አለኝ፤ ከፊት ለፊቱ ያለው ፋርማሲ ግን ሸጠልኝ» ብሎ ነው። መርማሪው የእናትየዋን ቃል ይቀበላል፣ የፈረሰውን ቤት ፎቶ ያነሣል፣ ቀበሌ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከፋውም፤ እንዲያውም ሻይ ይታዘዝለታል። ስለ ድሃ ማዘን የተፈቀደ ነው። «ቦታው ላይ ካርታ የወጣው ለማን ነው? የፈረመው ማን ነው? በሊዝ ነው ወይስ በምሪት?» ብሎ ሲጠይቅ ነው የቢሮው አየር የሚለወጠው። የታራሚውን ክሳት መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ የታራሚውን ቀለብ ማን እንደሚያቀርብና ጨረታውን እንዴት እንዳሸነፈ መጠየቅ ሌላ ነው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»ም ይላሉ። አንዱ አትጠይቅ ይላል፣ ሌላው ይበላል ይላል። ሁለቱን ያጋጠመ ሰው መርማሪ ሆኖ መኖር ለምን እንደሚከብድ አስረጂ አያስፈልገውም።

ከእኛ ራቅ ልበልና ከደቡብ አፍሪካ ልጀምር፤ ታሪኩ ከሞላ ጎደል ሙሉ ስለሆነ። የውጭ ሀገሮቹን ቀን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቱሊ ማዶንሴላ እ.ኤ.አ. በ2009 የሕዝብ ጠባቂ ሆና ስትሾም የሾሟት ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ነበሩ። የሕዝብ ጠባቂ የእኛ እንባ ጠባቂ እንደማለት ነው፤ እሷ ዘንድ ግን ሥልጣኑ ሰፋ ያለ ነው፤ የመንግሥትን ገንዘብ አላግባብ መጠቀምንም ይመረምራል። በመጋቢት 2014 ያወጣችው ሪፖርት የሾሟትን ሰው የግል መኖሪያ የሚመለከት ነበር፤ ንካንድላ። ለደኅንነት ጥበቃ ተብሎ 246 ሚሊዮን ራንድ ገደማ ፈስሶበታል። በዚያ «ጥበቃ» ውስጥ የመዋኛ ገንዳ፣ የከብት በረት፣ የዶሮ ቤት፣ የእንግዳ መቀበያና የትርኢት ሜዳ ነበሩበት። በኋላ የፖሊስ ሚኒስትሩ ገንዳው ለመዋኛ እንዳልሆነና የእሳት ማጥፊያ ውኃ ማጠራቀሚያ እንደሆነ በቪዲዮ ጭምር አስረዱ። እንደዚህ ዓይነት ማብራሪያ እኛም ሀገር ቢሰጥ የሚገረም ሰው ያለ አይመስለኝም።

ልብ በሉ፣ በመጀመሪያ የመጣባት ጥይት አልነበረም። ስም ነበር። በዚያው ዓመት ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ የአሜሪካ ስለላ ድርጅት ቅጥረኛ ናት ብለው ተናገሩ፤ ኋላ ይቅርታ ጠይቀው ቃላቸውን አነሡ። ሥልጣኗም ተነካ፤ ያቀረበችው የእርምት እርምጃ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም ተባለ። በ2016 ደግሞ በሕይወቷ ላይ ሴራ እንዳለ የሚናገር መልእክት ደረሳት። ያኔ ቤት አልተደበቀችም፤ ለሕዝብ ተናገረች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 31 ቀን 2016፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ የጠባቂዋ እርምጃ አስገዳጅ ነው፣ ፕሬዚዳንቱም ሕገ መንግሥቱን አላከበሩም ብሎ ፈረደ። ዙማ 7.8 ሚሊዮን ራንድ መልሰው ከፈሉ። ከ246 ሚሊዮን ውስጥ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ማዶንሴላ ስም ነበራት፣ ቢሮ ነበራት፣ ጠባቂ ነበራት። በዚያው ሀገር በማዕረግ ከእሷ በታች የነበረችው ባቢታ ዲኦካራን ይህ ሁሉ አልነበራትም። በጋውቴንግ ጤና ቢሮ ከፍተኛ የፋይናንስ ኃላፊ ነበረች፤ በቴምቢሳ ሆስፒታል አጠራጣሪ ክፍያዎች ስላየች እንዲታገዱ ጠየቀች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 2021 ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ ደጃፏ ላይ በጥይት ተገደለች። ስድስት ሰዎች ጥፋታቸውን አምነው በ2023 ተፈረደባቸው። ተኳሾቹ ታወቁ፤ ማን እንዳዘዛቸው ግን ያ ችሎት አልነገረንም። ይህቺ ሴት በማዕረጓ የመብት ሹም አይደለችም። እኔ ግን ሆስፒታል ሄዶ መድኃኒት ያጣውን በሽተኛ ከእሷ የበለጠ ማን ተከላከለለት እላለሁ።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ። በጓቲማላ የሰብአዊ መብት ዐቃቤው ሆርዳን ሮዳስ በነሐሴ 2017 ሥራ በጀመረ በቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንት ጂሚ ሞራሌስ በተባበሩት መንግሥታት የሚደገፈውን የፀረ-ሙስና ኮሚሽን ኃላፊ ኢቫን ቬላስኬዝን ከሀገር ውጣ አሉ። ሮዳስ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዙን አሳገደ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ከሥልጣን ሊያወርዱት ከሚሞክሩና በጀቱን ከሚቆርጡ የምክር ቤት አባላት ጋር ሲታገል ያለፉ ናቸው፤ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ በ2022 ሀገሩን ለቆ ወጣ። በማላዊ ማርታ ቺዙማ የሀገሯ እንባ ጠባቂ ሆና ስሟን ካስጠራች በኋላ የፀረ-ሙስና ቢሮው ዳይሬክተር ሆነች። ስለ ሥራዋ በስልክ ስታወራ የተቀዳ ድምፅ ወጣባትና በታኅሣሥ 6 ቀን 2022፣ በእኛ ኅዳር 27፣ ጎሕ ሳይቀድ ፖሊስ ቤቷ ድረስ መጥቶ ወሰዳት። የፀረ-ሙስና ቀን ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በዚያው ቀን ተለቀቀች፤ ግን ከእሷ በታች ያሉ መርማሪዎች ያን ጠዋት ምን እንደተማሩ አስቡት።

ቅደም ተከተሉን ታያላችሁ። መጀመሪያ ስም ያጠፋሉ፣ ቀጥሎ በወረቀት ያስጨንቃሉ፤ በጀት፣ ክስ፣ ግምገማ፣ እግድ። አካል ላይ የሚደርሱት በመጨረሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልጋቸውም፤ ሰውዬው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ራሱ ይተወዋል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ የምንለው፣ በ1984 በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መሪነት ሲቋቋም በሀገራችን ያልተለመደ ነገር ነበር። የሥራ አስፈጻሚው አባልና የመምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሥራ ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ሙስና ሲመረምሩ አልነበረም፤ ግን የመብት ሥራ በዚህ ሀገር ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚያ ቀን ወዲህ የማያውቅ የለም። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ የጉባኤው አራት ሠራተኞች አለም ገና አካባቢ የቤት ፈረሳን ሲመረምሩ ተያዙ፤ በኋላ በዋስ ወጡ። ቤት ፈረሳ! ቅድም ካልኳችሁ እናት ቤት አልራቅንም። በታኅሣሥ 2017 ድርጅቱ ራሱ ታገደ፤ እግዱ በኋላ ቢነሣም በእነዚያ ወራት ለማመልከት የመጣ ሰው ወዴት እንደሄደ የመዘገበ የለም።

እዚህ ጎንደር ደግሞ የራሳችን ወግ አለን። እኛ ዘንድ ማስፈራሪያ በፖስታ ጥይት ተጠቅልሎ አይመጣም። በሽማግሌ ይመጣል። አመሻሽ ላይ በር ይንኳኳል፤ ስትከፍቱ የአባታችሁ ወዳጅ ናቸው፤ ከጎናቸው የንስሐ አባታችሁ ቆመዋል። ቤት ለእንግዳ ትላላችሁ፣ ቡና ይቀርባል። ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ልጆች ትምህርት ይወራል። በረካው ሲቀዳ ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ይጠርጋሉ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው አመጣጤ። ያን የመሬት ነገር ተወው። ሰዎቹ ክፉዎች ናቸው። አባትህ ቢኖር ይህንኑ ይልህ ነበር።» ጎመን በጤና መሆኑ ነው።

ሽማግሌው አልዋሹም። ይወዷችኋል። ማን እንደላካቸው እሳቸውም በቅጡ ላያውቁት ይችላሉ፤ ለቅሶ ቤት ወይም ማኅበር ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «እባክዎ ያን ልጅ ምከሩት» ብሏቸው ይሆናል። ማስፈራሪያው በፍቅር አፍ ስለሚነገር መልስ ያሳጣል። ብትከሱ የምትከሱት አባታችሁን የቀበሩትን ሽማግሌ ነው። ዝም ብትሉ ደግሞ ላኪው የፈለገውን አገኘ። ይህን የፈለሰፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የሀገሩን ባህል አሳምሮ ያውቃል።

ከዚያ ስልኩ አለ። «ልጅህ ከትምህርት ቤት የምትወጣው በስንት ሰዓት ነው?» ይልና ይዘጋል። ይህን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄዱ «ምኑ ነው ዛቻው? ሰዓት ነው የጠየቀህ» ትባላላችሁ። እውነት ነው፤ ለብቻው ሲታይ ሰዓት ነው የጠየቀው። ከዚያ የዝውውር ደብዳቤው ይመጣል፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ይህም ለብቻው ሲታይ መደበኛ የአስተዳደር ደብዳቤ ነው። በዚህ በሦስት ዓመቱ ጦርነት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በዚህ ክልል ሰው ሲጎዳ «ያልታወቁ ታጣቂዎች» የሚባል ለሁሉም የሚሆን ስም አለ። መርማሪ ላይ ጥቃት ቢደርስ ከየት እንደመጣ ሳይጣራ በዚያ ስም ሥር ይቀበራል። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑም እንባ ጠባቂውም ለክልሉ ያላቸው ጽሕፈት ቤት ባሕር ዳር ነው፤ ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ ሲዘጋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም እንዲያቋቁም ያዝዛል፤ ሁለቱም በ1992 በአዋጅ 210 እና በአዋጅ 211 ተቋቋሙ። ኮሚሽኑ በ2012 ሕጉ ተሻሽሎለት እ.ኤ.አ. በ2021 ለነፃ የመብት ተቋማት የሚሰጠውን ዓለም አቀፉን የ«ሀ» ደረጃ አግኝቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኮሚሽኑ ተሿሚም ሆነ መርማሪ በከባድ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ፈቃድ እንዳይታሰር አዋጁ ይከላከልለታል። ጥሩ ነው። ግን ይህ ከለላ ከፖሊስ ካቴና የሚከላከል ነው፤ ከዝውውር ደብዳቤ፣ ከስልኩና ከበረካ ላይ ምክር አይከላከልም።

በ2003 የወጣው አዋጅ 699 የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ይጠብቃል፤ ማንነትን ከመደበቅ እስከ መኖሪያ መቀየር ድረስ ይሄዳል። ይሁንና የሚሠራው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው፤ የሚጠብቀውም ምስክሩን፣ ጠቋሚውንና ቤተሰባቸውን ነው። ፋይሉን ተሸክሞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረውን የመብት መርማሪ በስሙ አይጠራውም።

ዛቻስ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 580 ሰውን ከባድ ጉዳት አደርስብሃለሁ ብሎ ያሸበረ ሰው በመቀጮ ወይም እስከ ስድስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። እሱም በግል አቤቱታ። ማለትም የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ሲሠራ የተዛተበት ሰው እንደ ጎረቤት ጠብ ራሱ ሄዶ ማመልከት አለበት። ባለሥልጣን ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ላይ በኃይል ወይም በዛቻ የሚደረግ ማስገደድን የሚመለከት ሌላ ድንጋጌ በዚያው ሕግ አለ፤ ግን ጉዳዩ ወደዚያ እንዲሄድ ማስፈራሪያው ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑ መታየት አለበት። እኔ ዛሬ እዚህ የመጣሁበት ነገር ይኸው ነው። ማስፈራሪያው የመርማሪው የግል ጉዳይ አይደለም፤ የመዝገቡ አካል ነው። እንደ ሰነድ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቀን ተጽፎለት፣ እዚያው ፋይል ውስጥ መግባት አለበት።

ለምን ቢሉ፣ ያ ለብቻው ባዶ የነበረው ነገር እዚያ ሲገባ መናገር ይጀምራል። ማክሰኞ ለማዘጋጃ ቤቱ «የካርታውን ቅጂ ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ወጣ። ረቡዕ ስለ ልጅቱ መውጫ ሰዓት ስልክ ተደወለ። ዓርብ ሽማግሌ መጣ። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤ ተጻፈ። ደብዳቤውን ከማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ያየው ሰው አልነበረም። አሁን ሰዓት የጠየቀው ሰው ሰዓት ብቻ እንዳልጠየቀ ማንም ዐቃቤ ሕግ ያየዋል። እንዲያውም አንዳንዴ ካርታው ያላሳየንን ሰው ማስፈራሪያው ያሳየናል፤ ገንዘቡ የነካው ሰው ነው የሚደነግጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። መርማሪ ይጠበቅ ስንል አይጠየቅ ማለታችን አይደለም። ጋና የሰብአዊ መብቱን፣ የእንባ ጠባቂውንና የፀረ-ሙስናውን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአንድ ኮሚሽን ሥር አድርጋለች። እኛ ዘንድ በየቢሮው የተበታተነው ሥራ እዚያ አንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ እኔ በግሌ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የእናትየዋን ቤት መፍረስ የሚመረምረው ሰው ወደ ካርታው ሲደርስ «ይህ የእኔ ሥልጣን አይደለም» ብሎ አይመለስም። የፀረ-ሙስና ኮሚሽናችን የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ በ2008 ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግና ወደ ፖሊስ ከሄደ ወዲህ ይህ መመላለስ ብሷል። ሆኖም የጋናው ኮሚሽን ኃላፊ ሎሬታ ላምፕቴ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሥልጣን የተነሡት ለሆቴልና ለኪራይ ባወጡት የመንግሥት ገንዘብ ነው። ሥርዓቱን ተከትሎ ተመረመሩ፣ ተነሡ። በስልክ አልተዛተባቸውም። ልዩነቱ እሱ ነው፤ በግልጽ የቀረበ ክስ መልስ አለው፤ በበረካ ላይ የመጣ ክስ የለውም።

እናንተ ከሰኞ ጀምሮ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? ኮሚሽነር አይደላችሁም፤ ብዙዎቻችሁ በነፃ የሕግ ድጋፍ ጠረጴዛ ላይ ነው የምትቀመጡት። ያ ጠረጴዛ ግን የመጀመሪያው በር ነው። የደንበኛ መመዝገቢያ ደብተራችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ። በዚህ ጉዳይ ማን ምን አለ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቁጥር፣ በምን ቃል። ቃሉን አታሳምሩት፣ አታሳጥሩት፤ «ተዛተብኝ» ብላችሁ አትጻፉ፤ የተባለውን ነው የምትጽፉት። በዚያው ቀን ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው ይፈርምበት። ጠቋሚ ካለ ስሙ በዚያ ደብተር ላይ አይኑር፤ ለእሱ ሌላ ቦታ ይኑረው፤ ደብተር ይጠፋል፣ ደብተር ይያዛል። የመሬት ፋይል ያለበት ሰው ወደ ቀበሌ ብቻውን አይሂድ። ደብዳቤ ሲወጣ በተቋሙ ስም ይውጣ እንጂ የአንድ ወጣት ጠበቃ ስም በጉልህ አይጻፍበት፤ ፋይሉ የአንድ ሰው ሲሆን ነው ያን ሰው ማስወገድ ትርፍ የሚኖረው። ሦስት ሰዎች በእኩል የሚያውቁት ፋይል ማንንም ቢያዛውሩ አይዘጋም።

ሽማግሌውስ ሲመጡ? ቅድም አንድ እህት በወረቀት ጽፋ ጠይቃኛለች። አክብራችሁ ተቀበሏቸው፤ ቡናውም ይፈላ። ሲጨርሱ «አባባ፣ እንዲህ ያሰበልኝን ሰው ላመስግነው፤ ማን ነው የነገረዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይናገራሉ፤ መደበቅ አለባቸው ብሎ የነገራቸው የለማ። እሳቸው ሲሄዱ የምትጽፉት የሽማግሌውን ክስ አይደለም፤ የላኪውን ስምና ቀኑን ነው። ካልነገሯችሁም «ማን እንደላካቸው አልተናገሩም» ብላችሁ ጻፉ። በማግሥቱ ለአለቃችሁ በቃል ሳይሆን በደብዳቤ አሳውቁ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ተቀበሉ። አለቃዬ ራሱ ከላኪዎቹ ወገን ቢሆንስ የምትሉ እንዳላችሁ አያለሁ። ያን ጊዜ ግልባጩ ወደ ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ መንገዱ ቢዘጋ ፎቶ አንሥታችሁ በስልክ ላኩት፤ የደረሰበትን ሰዓት እሱንም ዓምዱ ላይ ጻፉት።

እጅ ያወጣችሁትን እያየሁ ነው። ከኋላ ካለው ወንድማችን እንጀምር።